አገልግል ይዤ ወደ አዲስ ዓለም

አስኮ መናኸሪያ የደረስኩት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረዳቱ ከእኔ በፊት ያየው የያዝኩትን ነበር። «እትዬ፣ እሱን ከላይ እንጫነው፤ ቦታ ይይዛል» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «የስለት ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀኑ ሚያዝያ 21፣ ማርያም ስለሆነች ግምቱ አልከፋም። «የስለት ነው» አልኩት። ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም፤ ውስጡ ማታ የጋገርኩት ድፎ ዳቦ አለ።

ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት የአያቴ እናት አገልግል ነው። ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በፍየል ቆዳ የተለበጠ፣ ክዳኑ በጠፍር የሚታሰር፣ እንደ ማንኛውም የድሮ አገልግል ነው። ቆዳው በእጅ ወዝና በጭስ ብዛት ጠቁሯል። ዙሪያውን የነበሩት ዛጎሎች ረግፈው ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ገልብጦ ላየው ሰው ግን ከታች፣ መሬት በሚነካው በኩል፣ አንድ ነገር አለ፤ ቆዳው አንድ ጊዜ ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል። ሌላው ስፌት ሁሉ በጅማት ነው። ይኼኛው፣ ስንዝር የማይሞላው፣ በጥቁር ክር ነው።

አያቴ ስለ እናቷ የምትነግረን ነገር አጭር ነበር። የሚኖሩት ጉለሌ ነው። በጣሊያን ጊዜ እናቷ የመኮንኖች ልብስ አጣቢ ነበረች። በየወሩ በ21 «ለማርያም ተስያለሁ» እያለች ዳቦ ጋግራ፣ በአገልግል ይዛ፣ አዲስ ዓለም ትሄድ ነበር። አንድ ቀን አያቴ፣ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ፣ አገልግሉን ላቀብላት ብላ ብታነሳው አቃታት። እናትየው ዞር ብላ አየቻት፤ ምንም አላለችም። አያቴ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ እንኳ ይችን ነገር ስታነሳ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። «ዳቦ እንዲህ አይከብድም» ትለናለች። ስለዚያ ክብደት ከዚህ ሌላ የምታውቀው አልነበረም። እኛም ከዚህ ሌላ የምናውቀው የለም።

ከጉዞዬ በፊት በነበረው ቀን ስድስት ኪሎ ወጥቼ ነበር። የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያ ተማሪዎች ተቀምጠው ማስታወሻ ይገለብጣሉ፣ ሎተሪ አዟሪ ይዞራል። በሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ በየቀኑ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ለምን ያያቸዋል? ቀራጮቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ሰዎች ናቸው። አገራቸው ራሷ በጀርመንና በጣሊያን ጦር ተይዛ፣ ልጆቿ ጫካ ገብተው ሲዋጉ የኖረች ናት። ፓርቲዛን የሚሏቸውን ተዋጊዎች ይመራ የነበረው ቲቶ ነው የኋላ ኋላ ርእሰ ብሔር የሆነው። ስለዚህ ያ ድንጋይ ከአንድ ዱር ወደ ሌላ ዱር የተላከ ደብዳቤ ይመስለኛል።

ከሐውልቱ አለፍ ብሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ለኔፕልስ ልዑል መወለድ ደስታ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት ደጅ ነው። ስምዖን አደፍርስ መኪና አዘጋጅቶ ረድቷቸዋል፤ በኋላ ተይዞ በስቃይ ሞቷል። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ተቃጠለ፣ ሰው በቤቱ ታረደ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። በግንቦት ጄኔራል ማሌቲ ደብረ ሊባኖስን በተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ከበበ፤ በማግሥቱ ግድያው ተጀመረ። ጣሊያኖቹ የመዘገቡት 449 ሲሆን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከ1,423 እስከ 2,033 ይገምታሉ። ገዳሙ የተወነጀለው ቦምብ ወርዋሪዎቹን አስጠግቷል ተብሎ ነው።

እኔን ግን ስድስት ኪሎ የወሰደኝ ሌላ ነገር ነው። አብርሃ ደቦጭ የጣሊያኖቹ የፖለቲካ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ቋንቋቸውን ያውቃል፣ ደሞዛቸውን ይበላል፣ በበራቸው ይገባል ይወጣል። በየካቲት 11 ምሽት ማንም ጎረቤት ስለ አብርሃ ምን ትላለህ ቢባል አፉ ላይ የምትመጣለት ቃል አንድ ናት፤ ባንዳ። በማግሥቱ እስከ ረፋዱ ድረስ ያችን ቃል የሚያስተባብል ምንም ማስረጃ አልነበረም። አብርሃ ዕድለኛ ነው ብል ይቅር በሉኝ፤ ሥራው ጮኾ ወጣለት። ሥራቸው ያልጮኸላቸውስ?

መኪናዋ ስትሞላ ተነሳን። ቡራዩን አለፍን፤ የገፈርሳ ውኃ ጉም ለብሶ ተኝቷል። መናገሻ ልንደርስ ስንል ከኋላ ድው የሚል ድምፅ ሰማንና መኪናዋ አነከሰች። ወረድን። ረዳቱ ከወንበር ሥር ክሪክ አወጣ፣ ሹፌሩ ብሎን ሊፈታ ተንበረከከ፤ ብሎኑ እንቢ አለ። አንድ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ «እናንተ ልጆች ፍሬኑንም እንዲሁ ነው የምታዩት?» ብለው አሳቁን።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሰማቸው ነው የገረመኝ። ክሪክ፣ ብሎን፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፤ ቃሉ ሁሉ የጣሊያን ነው። ወራሪው አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጣቸው ቃላት ግን አሁንም አሉ። ፒያሳ የሱ ነው፣ መርካቶ የሱ ነው። ካዛንችስ እንኳ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስም የወጣ ነው። የገዛ ሰው ስም ጥሎ ይሄዳል። ተደብቆ የታገለ ሰው ደግሞ ስም እንዳይተርፍበት ይጠነቀቃል፤ ስም ማለት ገመድ ነውና።

ከዚያ ዘመን የተረፈን የእኛው ቃል ግን አለ፤ የውስጥ አርበኛ። ቀስ ብለው ካዩት ከራሱ ጋር የሚጣላ ቃል ነው። አርበኛ ማለት «ዱር ቤቴ» ብሎ የወጣ፣ ጎፈሬውን ያሳደገ፣ ጠመንጃውን ተንተርሶ የሚያድር ነው። ውስጥ የቀረችው ግን ጠዋት ተነስታ እሳት ታነዳለች፣ ልጅ ታጥባለች፣ ለባዕድ መኮንን ልብስ ትተኩሳለች። የርስዋ ቤት ነው ዱርዋ። ከዱሩ አርበኛ የሚለያት ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ። የዱሩን ሰው ጠላቱ ብቻ ነው የሚጠላው። እርስዋን ጠላት ይወዳታል፣ ወገን ይተፋባታል።

ሥራው እንዴት እንደነበር ለመረዳት መንገዱን ማየት ይበቃል። ጣሊያን የያዘው ከተማውንና የመኪና መንገዱን ነው። መንገዱን ለመጠበቅ በየአስፈላጊው ቦታ ምሽግ ሠራ። ከመንገዱ ወጣ ሲሉ አገሩ የአርበኛው ነው። በሰሜን ሸዋ አበበ አረጋይ፣ በወሊሶ ገረሱ ዱኪ፣ በዚህ በምዕራብ በኩል ደግሞ 15 ዓመቱ ላይ ጫካ የገባው ጃገማ ኬሎ ነበሩ። ጃገማ «የበጋ መብረቅ» የተባለው ባልታሰበ ሰዓት ስለሚወርድ ነው። ግን መብረቅም ደመና ይፈልጋል። አርበኛው ገጠር ውስጥ እህልና ከብት ያገኛል፤ ጥይት አይበቅልለትም። ጨው፣ ጨርቅ፣ መድኃኒት፣ ወረቀት የሚገኙት ከተማ ነው። ከሁሉ በላይ የሚቸግረው ደግሞ ወሬ ነው። ስንት መኪና ይወጣል? የትኛው ምሽግ ወታደር ተቀነሰበት? ማን ተከዳ? ይህን የሚያውቀው የመኮንኖቹን ደብዳቤ የሚተረጉም፣ ወጥ የሚሠራላቸው፣ ቤታቸውን የሚጠርግ፣ ጠላ የሚቀዳላቸው ሰው ነው። ጥይቱም ከራሳቸው ወታደሮች እጅ በገንዘብ ይገዛና በእህልና በማገዶ መሐል ተደብቆ ይወጣል።

ግራዚያኒ ይህን ያውቅ ነበር። ከየካቲት በኋላ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እየለቀሙ እንዲገድሉ ያዘዘው ለዚህ ነው። መሣሪያ ይዘው አልነበረም፤ ወሬ ይዘው ስለሚዞሩ እንጂ። ልብስ አጣቢዎችን ግን አልጠረጠረም። ንጹሕ ሸሚዝ ይፈልግ ነበር።

ጎማው ተቀየረ፤ ተሳፈርን። ሆለታ ስንደርስ ግማሹ ሰው ወረደ። እዚህ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ጦርነቱ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ ወጡ፣ በሦስተኛው ቀን የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶልዮ ገባ። ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር በሐኪም ዓለመወርቅ በየነ መሪነት ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። በሰኔ ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ ከሞቱት መሐል ከፍተኛ የአየር ኃይል አዛዥ የነበረው ማልዮኮ ይገኝበታል። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ 10 አንቀጽ ያለው ደንባቸው ነው። ወታደሩ ለሲቪሉ እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሰቃይ፣ አባሉ እንዳይሰደድ ይላል። አገር ጠፍታ፣ ንጉሥ ተሰዶ፣ ዝናብ እየቀጠቀጣቸው ቁጭ ብለው ሕግ የጻፉ ልጆች ናቸው። በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ከራስ እምሩ ጋር እጅ ለመስጠት ተገደዱ።

አብረዋቸው ከነበሩት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በኋላም ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የተወለዱት አዲስ ዓለም ነው። ተይዘው የተጋዙት ደግሞ አዚናራ፣ ከሰርዲኒያ ጫፍ ያለች የግዞት ደሴት። እዚያች ደሴት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተልከዋል። ሌላዋ የአዚናራ እስረኛ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ነበሩ፤ የዛሬው መንገዴ ወደ እሳቸውም ነው።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ሀብታም ሴት ነበሩ። ንብረታቸውን ለአርበኞች አዋሉት። አዲስ አበባ ተቀምጠው ጥይትና መድኃኒት ይሰበስባሉ፣ ወሬ ያቀብላሉ። ተይዘው ተሰቃዩ፤ አልተናገሩም። አዚናራ ታስረው ሲመለሱ ደክመው ቤታቸው ይቀመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሥራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። በመጨረሻም ከውስጥ ወደ ውጭ ወጡ፤ የአዲስ ዓለም ምሽግ ሲጠቃ ስማቸው ከተዋጊዎቹ ጋር ይነሳል። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለቱንም ዓይነት አርበኛ መሆን እንደሚችል ያሳዩ ናቸው። እኔ ግን ሳስበው ከባዱ ጊዜያቸው ምሽጉ ፊት የቆሙበት አይመስለኝም። ሳሎናቸው ውስጥ ሆነው ቡና እያስቀዱ፣ በር ሲንኳኳ የጨዋታ መልካቸውን ሳይለውጡ «ግቡ» ያሉበት ይመስለኛል።

ቅድመ አያቴ ከዚህ ዓይነት ስም ጋር የምትነሳ አይደለችም። ከወይዘሮ ሸዋረገድ ጋር ትተዋወቅ እንደሆነም የሰማነው የለም። የምናውቀው የይለፍ ወረቀት እንደነበራት ነው፤ ልብስ የምታጥብለት መኮንን የሰጣት። በዚያ ወረቀት ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ከወታደሮቹ ጋር አዲስ ዓለም ትወርድ ነበር። ሰፈሩ ያይ ነበር። ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ያሸሹባት ነበር። አንድ የሰፈር ሰው በር ላይ ተፍቶባታል፤ ይህን አያቴ በዓይኗ አይታለች። እናቷ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ሲገቡ ከተማው ሁሉ ወጣ። ከዚያ የሜዳይ ጊዜ መጣ። ዱር ለከረመ አርበኛ በቆየበት ዓመት ልክ ዘንባባ ይታከልለታል። ጎረቤት የሆነች አንዲት ሴት፣ የሆነ ነገር የምታውቅ ሳትሆን አትቀርም፣ ቅድመ አያቴን እጇን ይዛ አንድ ጽሕፈት ቤት ወሰደቻት። ጸሐፊው «ምስክር አለሽ?» አላት። አያቴ ይችን ስትነግረን ትስቅ ነበር። ምስክር ያለው ምስጢር ምን ምስጢር ነው? ምስክር ቢኖርማ ኖሮ ተሰቅላ ነበር። «ልብስ አጥብ ነበር» ብላ ወጣች አሉ። ሁለተኛ አልሄደችም።

ነገር ግን ፍርዱን ለጸሐፊው ብቻ ላሸክመው አልፈልግም። በዚያ ሰሞን «የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» የማይል ሰው አልነበረም ይባላል። ለጣሊያን ያስተረጎመ፣ ጣሊያን የሾመው፣ ሰው ያስያዘ ሁሉ ከውስጥ ሲሠራ እንደቆየ ያወራ ጀመር። ጥላው ለጀግናዋ እንደተመቸ ለከሃዲውም ተመችቷል። ብዙ ባንዳ ሹመት ሲያገኝ፣ አምስት ዓመት ጎጃምን ለጣሊያን እሾህ ያደረገው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በሰው አገር ሳይሆን በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ተሰቀለ። እንግዲህ ያ ጸሐፊ ምን ያድርግ? ከፊቱ የቆሙት ሁለት ሰዎች ታሪካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጣሊያን ቤት ሠርተዋል፣ ሁለቱም ምስክር የላቸውም። አንዱ ይዋሻል። ሁለተኛዋ «ልብስ አጥብ ነበር» ትላለች።

ይህን ስጽፍ ራሴንም እታዘባለሁ። ቅድመ አያቴ ጀግና እንድትሆን እፈልጋለሁ። ማን አይፈልግም? ሆኖም ልብስ አጥባ ልጇን ያሳደገች፣ ማርያም የምትወድ፣ ሌላ ምንም ያልሠራች ሴትም ልትሆን ትችላለች። የተተፋባት ያለ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በትልቅ ምክንያት ዝም ብላም ሊሆን ይችላል። ጣሊያን አገር አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ በ2004 ዓ.ም. ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆሞለታል፤ በሕዝብ ገንዘብ። ለሱ ምስክር አልጎደለም። የእኛ ወገን መዝገብ ውስጥ ያለችው ስንዝር የማትሞላ ስፌት ናት።

አዲስ ዓለም ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ባጃጅ ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ምኒልክ እዚህ አዲስ ዋና ከተማ ሊሠሩ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር፤ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ ደርሳ ባህር ዛፍ አተረፋት፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከደጁ ሆኖ ወደ ታች ሲያዩ የአምቦ መንገድ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው የሚሄድ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ይቆጥራል። ለመሳለም የመጣ ሰው ለምን ታያለህ አይባልም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው በየጥላው ተቀምጧል። አንዲት ባልቴት ከጎኔ ከተቀመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ ሲጫወቱ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው አገልግሉ ላይ ነው። ስፌት እየሰፉ እንደሚሸጡ በኋላ ነገሩኝ። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ ባረኩና ቀመሱ። ከዚያ «እስቲ አምጪው፣ ልጄ» አሉኝ።

እንደ ሕፃን ነው የያዙት። ክዳኑን ገጥመው አዩት፣ ጠፍሩን ሳብ ሳብ አደረጉት፣ ዛጎሉ የነበረበትን በጣታቸው ዳበሱ። ገለበጡት። አውራ ጣታቸው ጥቁሩ ክር ላይ ቆመ።

«ይኼን የሰፋው ቆዳ ሠሪ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ እማማ?»

«ቆዳ ሠሪ በወስፌ ነው የሚበሳው፤ ቀዳዳው እኩል ይሄዳል። ይኼ በልብስ መርፌ የተሰፋ ነው። እያት፣ እዚህ ጋ መርፌው ተሰብሮባታል።» ጠጋ ብዬ አየሁ። ከስፌቱ መሐል የዝገት ነጥብ የሚመስል ነገር አለ። ዕድሜ ልኬን አገላብጬዋለሁ፤ አይቼው አላውቅም።

«ለምን ተተርትሮ የተሰፋ ይመስልዎታል?»

«አገልግል ከታች ነው የሚያልቅ። መሬት ይበላዋል፣ አይጥ ይበሳዋል።» ትንሽ ዝም አሉ። ጣታቸውን ከስፌቱ ሥር ከተው በቆዳውና በአክርማው መሐል ያለውን ክፍተት ለኩት፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። «ሰፊ ነው» አሉ። «ሲለብጡት እንዲህ አያሰፉትም ነበር። ወይ ቆዳው ረጥቦ ለቆ ይሆናል፤ ወይ የሆነ ነገር ሲገባበት ሲወጣበት ኖሮ ይሆናል።»

«የቱ ይመስልዎታል?»

ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ስፌት ነው የማውቅ። ባለቤቲቱ ብትፈልግ ኖሮ ትነግራችሁ ነበር።»

አገልግሉን መለሱልኝ። ሌሎቹም ሴቶች ዳቦ ተካፈሉ። አንዷ ስለ ጃገማ አያቷ ሲያወሩ የሰማችውን ጀመረች፤ ሌላዋ «እሱ እንኳ በጊንጪ በኩል ነው» ብላ አረመቻት፤ ጨዋታው ወደ ጤፍ ዋጋ ሄደ። ከመነሳቴ በፊት ባልቴቷ ከቀረው ዳቦ ግማሹን መልሰው ውስጥ አስቀመጡት። «ባዶውን አይመለስም፤ በረከት ነው» አሉኝ። የቅድመ አያቴ አገልግል ግን ሁልጊዜ ባዶውን ይመለስ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

በመመለሻው ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጥኩ። ወጨጫ ተራራ ላይ ዝናብ ከብዶ ነበር። ሆለታን፣ መናገሻን፣ ጎማው የፈነዳበትን ቦታ አለፍን። ቡራዩ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ መኪናዋ ቆመች። «ውረዱ፣ ፍተሻ ነው» አለ ረዳቱ። ሰው እየተነጫነጨ ወረደ፤ ሻንጣ ተከፈተ፣ ኪስ ተዳሰሰ። የተለመደ ነው።

ተራዬ ሲደርስ ልጅ እግር ፖሊስ ፊቴ ቆመ። «ምንድን ነው እናቴ?»

«አገልግል ነው።»

«ይክፈቱት እስቲ።»

ምንም የያዝኩት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠፍሩን ስፈታ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። ልጁ ፊቴን እያየ ነው። ፈገግ ልበል? ፈገግታ ይበዛ ይሆን? አሁን ለማን ነው የምፈራው? ኋላዬ የቆሙት ሽማግሌ «ቶሎ በሉ እንጂ» ይላሉ። ክዳኑን አነሳሁት።

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። የዳቦው ሽታ ወጣ። «የማርያም ነው?» አለ፣ ድምፁ ተለውጦ። «የማርያም ነው» አልኩት። ቁራሽ ቆርሼ ዘረጋሁለት፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ተሳልሞ ጎረሰው። ከዚያ ክዳኑን ራሱ ገጠመልኝ።

ከታች አላየም።